ለገና መሰናዳት፦ ከኅዳር 15 ወይስ በታኅሣሥ መጨረሻ?

በአዲስ አበባ ቤተሰቦች ዘንድ ለገና በመዘጋጀት ረገድ ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንደኛው የነቢያት ጾም ከሚገባበት ከኅዳር 15 ጀምሮ ቀስ በቀስ መሰናዳት ሲሆን፣ ሁለተኛው ባዛሩ እስኪደምቅ ቆይቶ ሁሉንም በታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት መሸመት ነው።

ቀድሞ የሚጀምር ቤት በርበሬውን አስፈጭቶ፣ ጌሾውንና ብቅሉን አሰናድቶ፣ ቅቤውንም ፈላጊው በሚቀንስበት በጾሙ ወቅት ገዝቶ ያነጥራል። ጠላ ከጥንስሱ እስከ ድፍድፉ ቀናት ስለሚፈልግ በዋዜማው ቢጀመር አይደርስም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከጾሙ ጋር አብሮ የሚሄድ ዝግጅት በዓሉን ከጸሎትና ከምጽዋት ሳይነጥል ያቆየዋል፤ እኔም ይህን የምመርጠው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። የገና ዝማሬ የሆነውን ቤዛ ኩሉን በላሊበላ ቤተ ማርያም ለመስማት ከሩቅ አገር በእግራቸው የሚመጡ ምእመናን ዝግጅታቸው ራሱ ጉዞው ነው።

የኋለኛው ልማድም ምክንያት አለው። ደመወዝ ጠባቂ ሠራተኛ ቀድሞ የሚያወጣው ገንዘብ ላይኖረው ይችላል፤ በግን በኮንዶሚኒየም ለሳምንታት ማቆየትም አስቸጋሪ ነው። ይሁን እንጂ በዋዜማው ዶሮው፣ እንቁላሉና ሽንኩርቱ በአንድነት ስለሚወደዱ፣ በጥድፊያ የሚሸምት ሰው የተጠራውን ዋጋ ከመክፈል በቀር ምርጫ አይኖረውም። እጅግ የሚያሳዝነኝ ደግሞ የድምፅ ማጉያው፣ የፕላስቲክ ዛፉና የቅናሽ ማስታወቂያው ታኅሣሥን ሲሞሉት፣ ልጆች የጌታን ልደት የስጦታ ቀን ብቻ አድርገው ማደጋቸው ነው።

ስለዚህ በጉና ዶሮው ለመጨረሻው ሳምንት ይቆዩ፤ ሳይበላሽ የሚቀመጠው ሁሉ ግን በኅዳር ቢጀመር ይሻላል።