ዘይ ወርክ ፎር ዩ፦ በሩት ዴቪድሰን መዝገብ ሲፈተሽ

«ዘይ ወርክ ፎር ዩ» ከ2004 ጀምሮ የሚሠራ፣ ማይሶሳይቲ የተባለ የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያስተዳድረው ነጻ ድረ ገጽ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር)። የምክር ቤት አባላት የተናገሩትን በስም በስማቸው ይሰበስባል፤ የስኮትላንድ ፓርላማንም ይጨምራል። ግላስጎውና ኤድንብራ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳዩ ቅርብ ነው። በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ፣ ጥገኝነቱ የጸደቀለትም ጭምር፣ 16 ዓመት ከሞላው ለስኮትላንድ ፓርላማ ይመርጣል። ለለንደኑ ፓርላማ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ መምረጥ አይቻልም።

ለመፈተሻ የሩት ዴቪድሰን መዝገብ ይመቻል። በግንቦት 2011 ከግላስጎው የፓርቲ ዝርዝር ወደ ስኮትላንድ ፓርላማ ገቡ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር የስኮትላንድ ወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪ ሆኑ፣ በ2016 ፓርቲውን ከ15 ወደ 31 ወንበር አሳድገው ዋና ተቃዋሚ አደረጉት፣ ነሐሴ 2019 ላይ መሪነቱን ለቀቁ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ፖስት ኮድ ሲገባ የስኮትላንድ ነዋሪ 8 የስኮትላንድ ፓርላማ አባላት አሉት። ከ129ኙ መቀመጫዎች 73ቱ የየምርጫ ክልሉ ናቸው፤ የቀሩት 56 ደግሞ 8 ሰፋፊ አካባቢዎች ሰባት ሰባት የሚመርጧቸው ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለምርጫ ክልሉ አባል ብቻ ይጽፍና መልስ ሲጠፋ ይተወዋል። ሰባቱም እኩል ተወካዮቹ ስለሆኑ ለማናቸውም መጻፍ ይችላል። ዴቪድሰን ራሳቸው የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት የሠሩት እንዲህ ዓይነት አባል ሆነው ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ከስማቸው ቀጥሎ በቅንፍ «ግላስጎው» ይላል፤ ከ2016 በኋላ ያው ቅንፍ «ኤድንብራ ሴንትራል» ይሆናል።

የጥያቄዎቹን ርእስ ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ያሳስታል። በመጀመሪያው ዘመናቸው ሐሙስ ሐሙስ ለቀዳሚ ሚኒስትሩ (ለስኮትላንድ መንግሥት መሪ) ደጋግመው ያስመዘገቡት ጥያቄ «ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር መቼ ይገናኛሉ?» የሚል ነበር። መልሱም «በቅርቡ ዕቅድ የለም»። እንግዳ አንባቢ ሴትዮዋ ሌላ የሚጠይቁት ያጡ ይመስለዋል። ነገሩ የተለመደ መክፈቻ ነው፤ የተቃዋሚ መሪዎች ቀድመው በሚያስመዘግቡት ጥያቄ ላይ የልባቸውን አይገልጹም። ስለሆነም ገጹን ወደ ታች ወርዶ ተከታዩን ጥያቄ ማንበብ ግድ ነው። ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የድረ ገጹ ዋና ብርታት በአንድ ሰው ንግግር ውስጥ ብቻ ቃል ለይቶ መፈለግ ማስቻሉ ነው። «ኢንካም ታክስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ መጻፍ ይበቃል፤ ያለ ጥቅስ ከገባ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ያሉበት ንግግር ሁሉ ይግተለተላል። ውጤቱ በጊዜ ቅደም ተከተል ቢነበብ ይሻላል፤ ምክንያቱም ዴቪድሰን በዚህ ጉዳይ አቋም ቀይረዋል። በ2011 ለመሪነት ሲወዳደሩ፣ ለስኮትላንድ የሚሰጠው ተጨማሪ ሥልጣን ያኔ በለንደን ሲታይ በነበረው ረቂቅ ሕግ ላይ ማብቃት አለበት ይሉ ነበር። በሰኔ 2014፣ ከስኮትላንድ የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ሦስት ወር በፊት፣ እርሳቸው ያቋቋሙትና ሎርድ ስትራዝክላይድ የመሩት ኮሚሽን የገቢ ግብር ምጣኔ ሙሉ በሙሉ በስኮትላንድ ፓርላማ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። ዴቪድሰንም ደገፉት። ለመራጭ ከየትኛውም የምርጫ በራሪ ወረቀት የበለጠ የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ለውጥ በራስ ዓይን ማየት ነው።

ጉድለቱ ደግሞ ከምክር ቤቱ ወለል ውጭ የሆነውን አለማሳየቱ ነው፤ ይህ ለፓርቲ መሪ ትልቅ ክፍተት ነው። በ2011 የመሪነት ውድድር ተፎካካሪያቸው መርዶ ፍሬዘር ፓርቲው ፈርሶ በአዲስ ስም እንዲቋቋም ጠይቀው ነበር፤ ዴቪድሰን ያሸነፉት ይህን ተቃውመው ነው። የፖለቲካ ሕይወታቸው የተወሰነበት ይህ ክርክር በፓርቲው ውስጥ የተካሄደ ነውና ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይፈለግም። ለእርሱ የዚያን ወቅት ጋዜጦች ማገላበጥ ያስፈልጋል።

የድምፅ አሰጣጥም በጥንቃቄ ይታይ። አብዛኛው ድምፅ በፓርቲ ትእዛዝ ስለሚሰጥ ስለ ሰውየው ብዙ አይናገርም። ለሕሊና የተተወውን መለየት ይበጃል፤ በየካቲት 2014 በ105 ለ18 የጸደቀው የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕግ አንዱ ነው። ዴቪድሰን የደገፉት ሲሆን ከራሳቸው ፓርቲ የተቃወሙም ነበሩ።

በሥራ ላይ ያለ አባል ለመከታተል የኢሜይል ማሳወቂያው ከሁሉ ይመረጣል። አድራሻ አስገብቶ የሚመጣውን ማረጋገጫ መጫን ነው፤ ካልመጣ የአላስፈላጊ መልእክቶች ሳጥን ይታይ። ማሳወቂያው በቃል ሳይሆን በአባሉ ስም ይከፈት፤ «ኢትዮጵያ» በሚል ብቻ የከፈተ ሰው ስሟ በተነሳ ቁጥር ከየምክር ቤቱ መልእክት ይጎርፍለታል። ዴቪድሰን ከ2021 ወዲህ የሎርዶች ምክር ቤት አባል ስለሆኑ የአሁኑን ንግግራቸውን የሚፈልግ «ባሮነስ ዴቪድሰን ኦቭ ለንዲን ሊንክስ» ብሎ ይፈልግ።