ዓሣ የሚውጠው ፔንግዊንና የልጆቼ ጣቶች፦ ሁለት የመተየቢያ ፕሮግራሞች ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ለልጁ የመተየቢያ ፕሮግራም የሚፈልግ ወላጅ አስቀድሞ ቢያውቀው የምመኘው ነገር ፕሮግራሙ ጣት እንደማያይ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ እንጂ በየትኛው ጣት እንደተነካ አይደለም። በአንድ አመልካች ጣት ብቻ እየለቀመ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝ ልጅ ሞልቷል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የአሥራ አንድ ዓመቱ ወንድ ልጄና የስምንት ዓመቷ ታናሽ እህቱ የተጠቀሙባቸውን ሁለት ፕሮግራሞች የመዘንኳቸው በዚህ መስፈርት ነው።

ታክስ ታይፒንግ ነፃ ነው። አንዴ በፍላሽ አምጥተው ከጫኑት ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ አሮጌ ላፕቶፕም አያስቸግረውም። የዳታ ጥቅል በሚቆጠርበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፊደልና ቃል የያዙ ዓሦች ከላይ ይወርዳሉ፤ ልጁ በፍጥነት ከተየበ ታክስ የተባለው ፔንግዊን ሮጦ ይውጣቸዋል። ልጄ ፍቅር ይዟታል። የቃላት ዝርዝሩን ራስን ማዘጋጀት ስለሚቻል በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የተሰጧትን ቃላት አስገብቼላት በዚያው ታጠናለች። ግን ዓሣው ሊያመልጥ ሲል ስለ ጣት የሚያስብ ማን አለ? ፍጥነትን የሚሸልም ጨዋታ ጀማሪን ወደለመደው አመልካች ጣት ይመልሰዋል። ስለዚህ በእኔ ፍርድ ዓሣው ማለማመጃ እንጂ ማስተማሪያ አይደለም።

ታይፒንግክለብ በድረ ገጽ የሚሠራ በመሆኑ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በነፃ የሚሰጠው ዓይነትም ማስታወቂያ አለው። ሆኖም ማስተማሩን ያውቅበታል። ትምህርቱ የሚጀምረው ከኤፍና ከጄ ነው፤ ጣት በዳሰሳ እንዲያገኛቸው ትንሽ ጉብታ ያለባቸው ቁልፎች ናቸው። ስክሪኑ ላይ የሚታዩት እጆች ቀጥሎ የትኛው ጣት እንደሚንቀሳቀስ ያመለክታሉ፤ ትምህርቶቹም አጫጭር ናቸው። ለውጤት የሚሰጠው ኮከብ ግን ልጅን ያስጎመጃል፤ ልጄ አምስቱን ለማግኘት ሲጣደፍ ዓይኑ ወደ ቁልፎቹ ይሸሻል። እጆቹ ላይ ስስ ፎጣ ጣል ማድረግ ከየትኛውም ፕሮግራም በላይ ጠቅሞናል። መጀመሪያ አኮረፈ፤ በኋላ ራሱ ፎጣውን ማምጣት ጀመረ።

ፕሮግራሞቹ የማይነግሩን ጉዳይ የአማርኛው ነው። ሁለቱም ልጆች የሚለማመዱት በላቲኑ ኪቦርድ ነው፤ አማርኛ የምንጽፈው ደግሞ ኪማን በተባለው ነፃ ሶፍትዌር፣ በዚያው ኪቦርድ ላይ ድምፁን ተከትለን ነው። «ሰላም» ለማለት ኤስና ኢ፣ ኤልና ኤ፣ በመጨረሻም ኤም ብቻ፤ ሳድሱ አንድ ቁልፍ ይበቃዋል። ሌሎቹ ፊደሎች አናባቢ ስለሚከተላቸው ግዕዙና ራብዑ በግራ እጅ ላይ ያርፋሉ። በተለይ የ«ኤ»ን ቁልፍ የምትነካው የግራ ትንሿ ጣት፣ ከሁሉም ደካማዋ፣ ፋታ የላትም። በእንግሊዝኛው ትምህርት ሺፍት፣ ማለትም ትልቁን ፊደል ለማውጣት ተይዞ የሚቆየው ቁልፍ፣ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ በአብዛኛው ዓረፍተ ነገር ሲጀመር ወይም ስም ሲጻፍ ስለሚያስፈልግ ማንም አይቸኩልም። በአማርኛ ግን ጠን፣ ጨንና ጰን ያለ ሺፍት ማግኘት አይቻልም። ጫጩት ብሎ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ሺፍት መያዝ ያስፈልጋል፤ ቁልፉን የሚመታው የግራ እጅ ስለሆነ ሺፍቱን መያዝ ያለባት የቀኝ ትንሿ ጣት ናት። ልጄ ግን በግራው ሊይዘው እየሞከረ እጁን ሲያጣምም አየሁትና የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል ትቼ ሺፍትን ቀድሜ አስተማርኩት። ጥጥ፣ ጨው፣ ጠጅ፣ ጫጩት እያልኩ በባዶ ገጽ ላይ አስጽፈዋለሁ።

አሁን ቤታችን ያለው ሥርዓት ይህ ነው፦ ታናሿ መጀመሪያ የታይፒንግክለብን አንድ ትምህርት ትጨርሳለች፤ ከዚያ ዓሣ ይፈቀድላታል። ታላቁ ፎጣውን አልብሶ ከአማርኛ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ይገለብጣል። ላፕቶፑ ላይ የቀኙ ሺፍት አጭር ስለሆነ ለብቻው የሚሰካ ተራ ኪቦርድ ገዝቼለታለሁ። ከሁሉም ወጪዬ ያልቆጨኝ እሱ ነው።