ሲቫስ ወይስ ኤርዙሩም? ከኑክሌር ጦርነት በኋላ የቱርክ መንበር

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1962 የኩባ ሚሳኤል ቀውስ፣ ማለትም የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት ፍጥጫ፣ ወደ ኑክሌር ጦርነት ቢያመራ ኖሮ ቱርክ ከመጀመሪያዎቹ ኢላማዎች አንዷ በሆነች ነበር። ኢዝሚር አጠገብ 15 ጁፒተር የተባሉ የአሜሪካ የኑክሌር ሚሳኤሎች ተተክለው ነበር፤ አዳና አጠገብም የኢንጂርሊክ የጦር አየር ማረፊያ አለ። አንካራና ኢስታንቡልም ወደሙ እንበል። የተረፈችው ሪፐብሊክ የመንግሥት መንበሯን የት ታደርጋለች፣ ሲቫስ ወይስ ኤርዙሩም?

በታሪክ ሁለቱም ከተሞች ይገባኛል ይላሉ፤ በ1919 የሪፐብሊኩ መሥራች ሙስጠፋ ከማል በሁለቱም የተካሄዱትን የነጻነት ትግል ጉባኤዎች መርቷል። የኤርዙሩሙ ግን በዋናነት የምሥራቁ ክፍላተ ሀገር ጉባኤ ሲሆን፣ የሲቫሱ መላውን አገር ወክሏል።

ኤርዙሩም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የምሽግ ከተማ ናት። ሆኖም ለሶቪየት ድንበር ትቀርባለች፤ በ1916ም በሩሲያ ጦር እጅ ወድቃለች። ብርዷ ጨካኝ ነው፤ የተፈናቀለ ሕዝብ በድንኳን የሚከርምባት አይደለችም።

እኔ ሲቫስን እመርጣለሁ፣ በተለይ ለባቡሩ ስል። ሐዲዱ ከአንካራ በ1930 ደረሳት፣ በ1932 ከጥቁር ባሕር ወደብ ሳምሱን ጋር ተገናኘች፤ ከ1939 ጀምሮ የባቡር መጠገኛ ፋብሪካ አላት። ነዳጅ ከውጭ በማይመጣበት ጊዜ በከሰል የሚሄድ ባቡርና የሚጠግኑት እጆች እህልን ከገበሬው ወደ ረሃብተኛው ያደርሳሉ። ስጋቷ ውሃው ነው፦ የኪዚልኢርማክ ወንዝ የሚነሣው ከዚያው ክፍለ ሀገር ቢሆንም፣ የጨረር አቧራ ተራራው ላይ ከወረደ ምንጩም ይበከላል።