የዶቃና የሉል ክር ከጅማ ገበያ፦ የትኛው ይበረክታል?

ጅማ ውስጥ ዶቃ ማግኘት ችግር ሆኖ አያውቅም። ሐሙስ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ወይ መርካቶ ዞር ዞር ብሎ የብርጭቆውን፣ የእንጨቱን፣ የፕላስቲክ ሉሉን መርጦ መግባት ነው። መከራው ክር ላይ ነው። የትም ሱቅ ብትገቡ የምትሰሙት ምክር አንድ ነው፦ «ወፍራሙን ውሰጂ እህቴ፣ እሱ አይበጠስም።»

ይበጠሳል። ወፍራም ስለሆነ ብቻ ዕድሜ ያገኘ ክር አላየሁም። ለሰርግ የሚታዘዘውን ጨሌ ስሰካ፣ ሰው የበጠሰውን ሐብል ስጠግን፣ እዚህ ከተማ የሚሸጠው የክር ዓይነት ሁሉ ማለት ይቻላል በእጄ አልፏል። ስለዚህ ስለየዓይነቱ ያለኝን አስተያየት ልበል። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ስለሚቀየር። የሱቅ ስምም አልጠራም።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ክሩን የሚበጥሰው ብዙ ጊዜ ክብደት አይደለም። አንድ ሐብል ቢበዛ ስንት ይመዝናል? ጠላቱ የዶቃው ቀዳዳ ነው። የብርጭቆ ዶቃ የቀዳዳው አፍ ላይ ስለት አለው፣ በተለይ ቱቦ የሚመስሉት ረጃጅሞቹና ፊታቸው የተቆራረጠው ክሪስታሎች። የነሐስ ዶቃም ሲበሱት የተረፈች ሹል ስባሪ ውስጡ ትቀራለች። አንገት ላይ ሆኖ ስትራመዱ፣ ስታጎነብሱ፣ ዶቃው ክሩን ቀኑን ሙሉ ይሞርደዋል። ክሩ መጀመሪያ ጸጉር ያወጣል፣ ቀጥሎ ይሳሳል፣ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ዝርግፍ ይላል።

ይህን ለማወቅ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። የጥጥ ክር በዶቃው ቀዳዳ አስገቡና ወዲያ ወዲህ እየሳባችሁ ሞርዱት። ክሩ ከተቦጫጨረ ወይ ከተበጠሰ ዶቃው ስለት አለው ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለውን አውጥቼ እጥላለሁ። ደንበኛ ያመጣችው ከሆነና መጣል ካልተቻለ፣ ግራና ቀኙ ላይ ትናንሽ ክብ ዶቃ አደርግበታለሁ፣ ክሩ ጠርዙ ላይ እንዳይታጠፍ።

አሁን ወደ ክሮቹ።

ሱቅ ስትገቡ ቀድሞ የሚዘረጋላችሁ የዓሣ መንጠቆ ክር ነው፣ ያ አንድ ወጥ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያሳየው ናይለን። ለምን እንደሚወደድ ይገባኛል። መርፌ አይፈልግም፣ ጫፉ ራሱ ደረቅ ስለሆነ ይገባል፣ ከየትኛውም ቀለም ጋር ይሄዳል፣ ርካሽ ነው። ግን ጥቅሉ ላይ የነበረውን ክብ ቅርጽ አይረሳም፣ አንገት ላይ ተጣሞ ይቆማል። ቋጠሮውም ሙልጭ ይላል። ከሁሉ የሚብሰው እያረጀ መድረቁ ነው። ፀሐይ ናይለንን ይጎዳዋል፣ ይህኛው ደግሞ አንድ ወጥ ስለሆነ ሲሳሳ አይታወቅም። የተፈተለ ክር ጸጉር አውጥቶ ያስጠነቅቃችኋል፣ ይህ ግን ድንገት ቋጠሮው አጠገብ ቀጭ ይላል። ጠግኚልኝ ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ አብዛኛው በዚህ የተሰካ ነው። ለበር የዶቃ መጋረጃ ይሁን። ለአንገት አልገዛውም።

የልብስ ሰፊ ክርስ? አንዳንዴ ያዋጣል። ጥቅሉ ላይ 40/2 የሚል ካያችሁ ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይቀጥናል፣ 2 ደግሞ ሁለት ሆኖ የተፈተለ ማለት ነው። 20/3 ከሱ በጣም ይወፍራል። ፖሊስተር መሆኑን ግን አረጋግጡ። ጥጥ ከሆነ ለጅማ አይሆንም። ዝናቡ ከበልግ ተነስቶ እስከ መስከረም አልፎ የሚዘልቅበት አገር ነው፣ ጥጡ ላብና እርጥበት ጠጥቶ ሳይደርቅ ይከርማል፣ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባ ሴት ከሆነች የምታደርገውማ ጉዱ አይነገር። ፖሊስተር ውሃ የሚጠጣው እጅግ ጥቂት ስለሆነ እርጥቡም ደረቁም ያው ነው። ለጥቃቅን ዶቃ እጥፍ አድርጋችሁ፣ ሰም ቀብታችሁ ብትጠቀሙበት ደህና ነው። ሰም ደግሞ እዚህ አይጠፋም፣ ማር ባለበት ሰም አለ። ክሩን በሰሙ ላይ አሳልፋችሁ በጣታችሁ ጨመቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ጸጉሩ ይተኛል፣ መተብተቡም ይቀንሳል።

የኔ ምርጫ የጫማ ሰፊዎቹ ናይለን ነው። ዶቃ ቤት ስፈልግ የከረምኩት ክር ጫማ ሰፊው ጋ ቁጭ ብሎ ነበር። አንድ ጋሼ ጫማ ሲሰፉ ቆሜ ብጠይቃቸው ሳቁብኝና «ልጄ፣ ሶል የያዘ ክር ዶቃ ያቅተዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥቅሉ ላይ 210ዲ/3 የሚለውን ፈልጉ። ትርጉሙ ከባድ አይደለም፦ ከነጠላው ክር 9000 ሜትሩ 210 ግራም ይመዝናል፣ እንዲህ ያለው ሦስት ሆኖ ተፈትሏል። ከኋላ ያለው ቁጥር 6 ወይ 9 ከሆነ እየወፈረ ይሄዳል፣ ያኛው የመረብ ክር ነው፣ ለትልልቅ የእንጨት ዶቃ እንጂ ለጥቃቅኑ አይገባም። ለባለ 33ቱም ለባለ 99ኙም ፍሬ ተስቢህ (የሙስሊሞች መቁጠሪያ) ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ተስቢህ ቀኑን ሙሉ በጣት ይገፋል፣ ፍሬው ክሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ልስላሴም ጥንካሬም ይፈልጋል።

አንድ ነውር አለው፣ ይለጠጣል። ዛሬ ገጥማችሁ የሰካችሁት ከርሞ በዶቃዎቹ መሀል ክፍተት ያሳያል። ስለዚህ ከመስካቴ በፊት ክሩን ውሃ አስነክቼ ሚስማር ላይ አንጠለጥልና ጫፉ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር አስሬ አሳድረዋለሁ። የሚለጠጠውን ያህል ያኔ ይለጠጥና ይገላግለኛል። ጫፉን ደግሞ በላይተር ነካ ማድረግ ነው፣ ይቀልጥና ራሱን ይዘጋል። ቀለሙም ብዙ ነው፣ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ነጭ። ቀይ ግን ስፈልግ አጥቻለሁ፣ እሱ ቅር ይለኛል።

ከዚህ የሚበልጥ አለ ወይ ካላችሁ፣ አለ፣ ግን ማግኘቱ ፈተና ነው። የተጎነጎነው የዓሣ ክር። ከመጀመሪያው አንድ ወጥ ክር ጋር እንዳታምታቱት፣ ስሙ እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ፖሊኤቲሊን ከሚባል ፕላስቲክ ቀጫጭን ቃጫዎች የተሠራ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ የመለጠጥ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፣ ለውፍረቱ የሚሸከመው ክብደት ያስገርማል። ፋየርላይን የሚባለው የታወቀው ዓይነት፣ 6 ፓውንድ ይሸከማል ተብሎ የሚሸጠው፣ ውፍረቱ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚያ ቅጥነት ጥቃቅኗ ዶቃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ይመላለሳል። ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ የምታውቁት ሰው ካለ ጠይቁ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ላኩ። ለስለታሙ ብርጭቆ የምመርጠው ይህን ነው። ጉድለቱ? ለስላሳ ስለሆነ ተራ ቋጠሮ አይዘውም። ግራጫው ዓይነት ደግሞ እጅም ዶቃም ያጠቁራል፣ ለነጭ ሉል በፍጹም።

ወደ ሉል ከመጣን ነገሩ ይለወጣል። የፕላስቲክ ሉል ከሆነ የጫማውን ናይለን ስጡትና ተገላገሉ። እውነተኛ ሉል ከሆነ ግን፣ የእናት ውርስ ሊሆን ይችላል፣ ሐር ይገባዋል። ሉል ለስላሳ ነገር ነው፣ ደረቅና ሻካራ ክር ቀዳዳውን ይበላዋል። ሐር ለስላሳ ነው፣ አንገት ላይ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ቋጠሮውም ትንሽና ያማረ ይወጣል። የጀርመኑ ግሪፈን 2 ሜትር ሐር በካርቶን ላይ ጠቅልሎ መርፌውን ከጫፉ ጋር አያይዞ ይሸጣል፣ በቁጥር ነው፦ ቁጥር 2 ማለት 0.45 ሚሊሜትር፣ ቁጥር 4 ማለት 0.60። የሉሉን ቀዳዳ ይዛችሁ ምረጡ። ክሩ ቀዳዳውን ሞላ አድርጎ፣ ቋጠሮው ግን ተመልሶ የማይገባበት ውፍረት ነው ትክክለኛው። በእያንዳንዱ ሉል መሀል ይቋጠራል። ቢበጠስ አንዷ ብቻ ትወድቃለች፣ እርስ በርስም አይፋተጉም።

እዚህ ገበያ ሐር ተብሎ የሚሸጠውን ግን እንደወረደ አትመኑ። የሚያብለጨልጭ ሁሉ ሐር አይደለም። ትንሽ ቁረጡና በእሳት ሞክሩት። ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሆነ ናይለን ወይ ፖሊስተር ነው። እንደ ወረቀት ከተቃጠለ ጥጥ ወይ ሬዮን ነው። እኔ «ንጹህ ሐር» ብሎ ከማለልኝ ነጋዴ ገዝቼ ሱቁ ደጃፍ ላይ ላይተር ሳወጣ ፊቱን ብታዩት! ብሬን ግን መለሰልኝ፣ እሱን አልክድም።

ሐርም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ይለጠጣል፣ ይቆሽሻል። አዘውትሮ ለሚደረግ ሉል በዓመት ወይ በሁለት ዓመት አንዴ አዲስ ክር ማስገባት የተለመደ ነው። ቋጠሮዎቹ መሀል ክፍተት ከታየ ወይ ክሩ ከጠቆረ ቀኑ ደርሷል። ሽቶ ቀድማችሁ ተቀቡ፣ ሉሉን በመጨረሻ አድርጉ፣ ውሃ ውስጥም አትዘፍዝፉት።

ለከባድ ድንጋይና ለብር ጌጥ በናይለን የተሸፈነ የብረት ሽቦ አለ፣ ውስጡ 7፣ 19 ወይ 49 ቀጫጭን ሽቦ ያለው። የሽቦው ብዛት በጨመረ ቁጥር ይለሰልሳል። አንዴ አጉል ከታጠፈ አይቃናም፣ በቋጠሮም አይያዝም፣ በምትጨመቅ ትንሽ የብረት ዶቃ ነው የሚታሰረው። ላስቲኩን ለልጆች አምባር ብቻ። ቅቤና ሎሽን ሲነካው ይላላል፣ ሳትሰኩበት በፊትም ደጋግማችሁ ሳብ ሳብ አድርጉት።

ቋጠሮ ላይ ሱፐር ግሉ የሚያንጠባጥቡ አሉ። እባካችሁ ተዉ። ክሩን ያደርቀዋል፣ ደረቁና ለስላሳው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይሰበራል፣ ብርጭቆውንም ጭጋግ ያለብሰዋል። ሁለቴ ጠምዝዞ መቋጠር፣ ከዚያ አንዲት ጠብታ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፣ በቃ። የተረፈውን ጫፍ ወዲያው አትቁረጡት፣ በሦስት አራት ዶቃ ውስጥ መልሳችሁ ካሳለፋችሁ በኋላ ይቆረጥ።

ስትገዙ ደግሞ መስኮቱ ላይ ለማሳያ የተሰቀለውን ጥቅል አትውሰዱ። ያ ስንት ወር ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው፣ ነጩ ወደ ቢጫ ካደላ ነገሩ አልቋል። ከውስጥ መደርደሪያ አውጣልኝ በሉት። ከጥቅሉ ክንድ የሚያህል ሳብ አድርጋችሁ፣ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ድንገት ንጠቁት። ሻጩ ካጉረመረመ ሌላ ሱቅ አለ።