ኦዱ ላይ የደመወዝ ደንብ፦ በመቶኛ ወይስ በፓይተን ኮድ?

ኦዱ (Odoo) የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ደመወዝ የሚያሰላበትን ደንብ በመቶኛ ወይም በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ኮድ መሙላት ይቻላል። ለሠራተኛው የጡረታ መዋጮ መቶኛው ይበቃል፤ መነሻው መሠረታዊ ደመወዝ፣ መጠኑ 7 በመቶ። ተቀናሽ ስለሆነ -7 ተብሎ ይግባ፤ አለዚያ የተጣራው ደመወዝ ላይ ይደመራል።

ትርፍ ሰዓት ላይ ግን መቶኛው አያዋጣም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ክፍያው ቀን 1.5፣ ሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ስለዚህ ኮዱ ይሻላል፦ እያንዳንዱ ዓይነት ሰዓት ለብቻው ተመዝግቦ በሰዓት ክፍያውና በእጥፉ ይባዛል። ሌሊቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል፤ ሲስተሙ ላይ የሚጻፈው ግን 22 ነው (4 ብሎ የሞላ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ያስጀምረዋል፤ የተለመደ ስህተት ነው)።

ሁለቱም ጋ የደንቡን ተራ ቁጥር ተመልከቱ፤ ትንሽ ቁጥር ያለው ቀድሞ ይሰላል። ግብሩ 50፣ ትርፍ ሰዓቱ 60 ከሆነ ግብሩ ትርፍ ሰዓቱን ሳያካትት ይሰላል።