ጎንደር፣ ባንክ ቤትና አክስቴ

ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ሆቴሉ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃው ጠዋት ብቻ ቢሆንም። ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ ያመጣኝ ባለታክሲ የዲያስፖራ ዋጋ ነው የጠራብኝ፣ ተከራክረን ግማሽ መንገድ ላይ ተስማማን። የባንኩ ነገር ግን ሰፋ ያለ ወሬ አለው።

የሄድኩት አክስቴን ይዤ ነው። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ እኔ የምልክላት ብር ሂሳቧ ውስጥ ይገባና በስልኳ ታንቀሳቅሰዋለች፤ ማለቴ ሌሎች ያንቀሳቅሱላታል፣ የሚስጥር ቁጥሯን የጎረቤት ልጅም የሱቁ ልጅም ያውቀዋልና። ስቆጣ "ዓይኔ አያይ፣ ማን ይንካልኝ ታዲያ?" አለችኝ። ምን ይባላል? ባንኩ ግድግዳ ላይ "የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ" የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ እኔም ተጠግቼ ነው ያነበብኩት።

መስኮት ላይ ያለው ልጅ ያላትን ብር ወረፋው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብሎ ነገራት። እዚህ ላይ በጣም ተናድጃለሁ። ስለ ጥንቃቄ ወረቀት የሚለጥፍ ባንክ መጀመሪያ ድምፁን ይቀንስ።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ግን ካሰችን። ቁጥሩን አስቀየረቻት፣ ከዚያ "እማማ፣ አሁን እኔ ሌባ ነኝ" አለቻት። "ሄሎ፣ ከባንክ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ።" አክስቴ ስልኳን አውጥታ መፈለግ ጀመረች! ሳቅን። በሁለተኛው ሙከራ "ሽልማቱን ቤቴ ድረስ አምጣልኝ" ብላ ዘጋችባት። ከመቶ ፖስተር ይህች አሥር ደቂቃ ትበልጣለች።

እዚያው ሳለሁ ባንኩ ቢከስር የአክስቴ ብር ምን እንደሚሆን ጠየቅኩ። "ባንክ አይከስርም" አለኝ አንዱ ሠራተኛ እየሳቀ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እኮ ተቋቁሟል፣ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ይህን ከኔ መስማት የነበረበት እሱ አልነበረም።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ደግሞ በርበሬ ገዝቼ በስልክ ከፈልኩና ደረሰኙን ለሴትዮዋ አሳየኋት። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። "ፎቶ አልቀበልም ወንድሜ፣ በተሠራ ደረሰኝ ስንት ጊዜ ተበልቻለሁ፣ የኔ ስልክ ይጩህ" አለች። ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ። በርበሬዬን ታቅፌ ሃያ ደቂቃ ቆምኩ፣ እሷም ቡና አስቀዳችልኝ፣ ስልኩ ጢን ሲል ነው የለቀቀችኝ።