ሰርቮ ብለው ስቴፐር ሸጡልኝ

በቤቱ ጓሮ ቆርቆሮ ወጥሮ የእንጨት ሥራ የጀመረ፣ የሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀርጽ ማሽን) ለመግዛትም ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ይህን ሳያነብ ቀብድ እንዳይከፍል። እኔ ከፍያለሁ።

ማሽኑን የገዛሁት አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ አስመጥቶ ከሚገጣጥም ነጋዴ ነው። ክርክራችን ስላላለቀ ስሙን አልጠራም። ሁለት ምርጫ አቀረበልኝ፤ አንዱ በስቴፐር፣ ማለትም በትንንሽ እርምጃ በሚዞር ሞተር የሚሠራ፣ ሌላው «ሙሉ ሰርቮ»፣ ማለትም ቦታውን እየለካ ራሱን በሚያርምና በፍጥነትም ጉልበቱን በማይለቅ ሞተር የሚሠራ። የዋጋ ልዩነታቸው 80,000 ብር ነው። «ወንድሜ፣ ስቴፐር እኮ መጫወቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የምታየው ሁሉ ሰርቮ ነው» አለኝ። እኔ እንጨት አውቃለሁ እንጂ ሞተር አላውቅም ነበርና አመንኩት።

በሦስተኛው ሳምንት የዋንዛ በር እየቀረጽኩ ነበር። ደረቅ ዋንዛ ዛሬ ስንት እንደገባ የገዛ ያውቀዋል። መቁረጫውን የተሸከመውን ድልድይ ከግራና ከቀኝ የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ሞተሮች ናቸው። የግራው በድንገት ቆመ፤ ድራይቨሩ ላይም፣ ማለትም ለሞተሩ ኤሌክትሪክ እየመጠነ የሚሰጠው መሣሪያ ላይ፣ ቀይ መብራት በራ። የቀኙ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ቀጠለ። ድልድዩ ተንጋደደ፣ መቁረጫው በሩን በሰያፍ ተልትሎት ሄደና ተሰበረ። ማጥፊያውን የመታሁት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ለዓመታት የፋብሪካ ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ ጎረቤት አሉኝ፤ ለምኜ አመጣኋቸው። ሞተሩን ፈቱት፣ ገመዶቹን ሁሉ ነቀሉ፣ ዘንጉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ አድርገው አዞሩት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይይዛል። «ልጄ፣ ይህ ሰርቮ ከሆነ እኔም ጳጳስ ነኝ» አሉኝ። ነጋዴው የለጠፈውን ወረቀት በጥፍራቸው ሲልጡት ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ ወጣ፤ 1.8 ዲግሪ፣ 8.5 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው) ይላል። ዋት የለም፣ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞርም የተጻፈ ነገር የለም።

1.8 ዲግሪ ማለት አንዱን ዙር በ200 እርምጃ የሚጨርስ ስቴፐር ነው። ከኋላው ኢንኮደር፣ ማለትም ዘንጉ በእርግጥ መዞሩን የሚቆጥር መሣሪያ ተገጥሞለታል። በንግዱ «ሃይብሪድ ሰርቮ» ይሉታል፤ ትክክለኛ ስሙ ክሎዝድ ሉፕ ስቴፐር ነው። ዕቃው መጥፎ አይደለም። ተራ ስቴፐር እርምጃ ሲስት ለማንም ሳይናገር በተሳሳተ ቦታ መቁረጡን ይቀጥላል፤ ይህኛው ቢያንስ መሳቱን አውቆ ይጮኻል። በደል የሚሆነው በሰርቮ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

ያታለለኝ ደግሞ ቁጥሩ ነው። ነጋዴው «የኔ 8.5 ኒውተን ሜትር ነው፤ ሌላ ቦታ የሚሸጡት ባለ 400 ዋት ሰርቮ 1.27 ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ አንድ ነገር ግን አይለኩም። 8.5 የተባለው ሞተሩ ቆሞ የሚይዝበት ኃይል ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር እየከዳ ይሄዳል፤ እንደኔ ትልቅ ሆኖ በ48 ቮልት ብቻ ሲነዳማ ቶሎ ነው የሚከዳው። ሰርቮው 1.27ቱን በደቂቃ እስከ 3,000 ዙር ድረስ አይለቅም፤ ለአፍታ ከተፈለገም ሦስት እጥፍ ያህል ይሰጣል።

ሒሳቡን ቀድሜ ብሠራው ኖሮ ውሸቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይጋለጥ ነበር። የማሽኔ ጠመዝማዛ ዘንግ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ይገፋል። ቃል የተገባልኝ ፍጥነት በደቂቃ 12 ሜትር ነው። 12,000 ለ5 ሲካፈል 2,400 ዙር። በዚያ ፍጥነት ከእንዲህ ዓይነቱ ስቴፐር የሚጠበቅ ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በደቂቃ 3 ሜትር ግን 600 ዙር ነው፤ አሁን እዚያ ላይ አድርጌው ያለ ችግር ይሠራል። ለ600 ዙር ደግሞ 80,000 ብር መጨመር አያስፈልገኝም ነበር። ቤት ውስጥ እንጨትና ኤምዲኤፍ ለሚቆርጥ ሰው ልኩ በደንብ የተመረጠ ስቴፐር ይበቃዋል፤ የተረፈውን ገንዘብ ጠንካራ አካልና የማይላላ ጠመዝማዛ ላይ ያውለው። ሞተሩ ላይ የተገጠመ ኢንኮደር የዘንጉን መላላትም ሆነ የድልድዩን መተጣጠፍ አያይም።

በሩን ያበላሸብኝ ግን የሞተሩ ዓይነት ብቻ አልነበረም። ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ሲከፍቱ ከአራቱም ድራይቨሮች የሚወጣው የአላርም ሽቦ ተጠቅልሎ ታስሮ አገኙት፤ ከመቆጣጠሪያው ጋር አልተገናኘም። አንዱ ሞተር ሲጮኽ ሌሎቹ ያልሰሙት ለዚህ ነው። የኢንኮደሩን ዋጋ አስከፍሎ ጥቅሙን በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰረው! ከሁሉም ይህ ያናድደኛል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት የሞተሩን የፋብሪካ ጽሑፍ በዓይናችሁ እዩ፤ ሰርቮ ዋትና በደቂቃ የሚዞረው ዙር ይጻፍበታል። የኃይል ሽቦዎቹን ቁጠሩ፤ የስቴፐሩ ድራይቨር ላይ ኤ እና ቢ የተባሉ ሁለት ጥንዶች ይገባሉ፣ የፋብሪካው ዓይነት ሰርቮ ዩ፣ ቪ፣ ደብልዩ የተባሉ ሦስት ሽቦዎችና የመሬት ሽቦ አለው። ማሽኑ እየሠራ ሳለ የአንዱን ድራይቨር አላርም እንዲያስነሳ ሻጩን ጠይቁት፤ ሁሉም ካልቆሙ አትውሰዱ። «ይህን ማየት አይቻልም» ካለም መልሱን አግኝታችኋል።

ደረሰኙንም አንብቡ። በሩን ይዤ ስሄድ ነጋዴው አልተቆጣም፣ አልደነገጠም። «ሰርቮ ብዬ ጽፌያለሁ? እስቲ ደረሰኝህን አምጣ» አለኝ። አወጣሁት። «ሞተር፣ ብዛት 4» ይላል።